ኅሩይን ማን «ሥላሴ» አላቸው?

ባለፈው ገና ዘመሮ ነበርኩ። የመንዝን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋልና አልተርክለትም። ባና ደርበን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ የእኅቴ ልጅ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ሳምንት ቀረኝ፤ ዋቢ መጻሕፍቱን ብቻ ቢያዩልኝ» አለኝ። ጽሑፉ የሰሜን ሸዋን ሊቃውንት የሚመለከት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ዝርዝሩ የተደረደረው በላቲን ፊደል ተራ ነው። ከ«ኤ» ተነሥቼ «ኤስ» ላይ ስደርስ አንድ የማላውቀው ደራሲ ገጠመኝ፤ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ይላል።

«እኚህ ሥላሴ የሚባሉት ማን ናቸው?» አልኩት።

«ብላቴን ጌታ ኅሩይ ናቸው እኮ ጋሼ።»

«ወልደስ የት ሄደ?»

«ያው «ወ ነጥብ» ሆኖ ተቀምጧል።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ወልደ ሥላሴ ማለት የሥላሴ ልጅ ማለት ነው፤ ወልዱ ተቆርጦ ሲጣል ግን ሰውየው የሥላሴ ልጅ መሆናቸው ቀርቶ ራሳቸው ሥላሴ ሆነው ቁጭ አሉ። ኋላ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን መርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለው ስፍራ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝሩን በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙ፣ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው ያወጡ ሰው ናቸው። እንግዲህ የመጻሕፍትን ዝርዝር ለአገራችን የጀመሩት እኚህ የመርሐ ቤቴ ሰው፣ በመንዝ ልጅ የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ጠፍተው ተገኙ ማለት ነው።

ማን አጠፋቸው? ልጁ አይደለም፤ ስማቸውን አሳምሮ ያውቀዋል። መምህሩም አይደሉም። ልጁ የሚጠቀምበት ዞቴሮ የሚባል ፕሮግራም ነው። አንባቢ ካላየው ነገሩ እንዲህ ነው፦ የመጽሐፉን ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመተ ምሕረትና አሳታሚ በየሳጥኑ አንድ ጊዜ ይሞሉለታል፤ ከዚያ በኋላ በግርጌ ማስታወሻም ሆነ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ነጠላ ሰረዙንና ነጥቡን እየቀያየረ ራሱ ያሰልፈዋል። አንዱ መጽሔት ዓመቱን በቅንፍ ይፈልጋል፤ ሌላው በመጨረሻ ይፈልጋል። አንዱ ሙሉ ስም ይጠይቃል፤ ሌላው የመጀመሪያ ፊደል ይበቃኛል ይላል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ በቃሉ አያውቀውም። ለእያንዳንዱ መጽሔት ሥርዓቱ የተጻፈበት አንድ ትንሽ ፋይል አለ፤ እሱን እያነበበ ይሠራል።

ዛሬ ልተችም ላመሰግንም የተነሣሁት እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የጋራ ማኅደር ነው። ፋይሎቹ የሚጻፉበትን ቋንቋ ያመነጨው ብሩስ ዳርከስ የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ዞቴሮ በ2006 እ.ኤ.አ. በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ቋንቋውን ተቀበለው፤ ሜንዴሌይን የመሳሰሉ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ በማኅደሩ ውስጥ ከ10,000 በላይ ፋይሎች አሉ። ባለቤት የለውም ማለት ይቻላል፤ ማንም በነጻ ይወስዳል፣ ማንም ያዋጣል። የሚጠብቁት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በየቀኑ ከዓለም ዙሪያ አንዱ የኮሌጁን ሥርዓት፣ ሌላው የመጽሔቱን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕልሙ ያየውን ይልክላቸዋል።

አጠባበቃቸውን እስቲ ልብ በሉልኝ። የተላከው ፋይል መጀመሪያ በመኪና ይፈተናል፤ ሰዋስዉ ከጎደለ፣ አንድ ምልክት ከተዛነፈ ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ ሰው ያነበዋል። «ይህ ሥርዓት የታተመው የት ነው? መመሪያውን አሳየን» ይላል። ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ዐዲስ ፋይል አያስከፍትም፤ «እኔ እከሌን እከተላለሁ» የምትል አጭር ወረቀት ብቻ ያስቀምጣል። ከ10,000ዎቹ የሚበዙት እንዲህ ያሉት ተከታዮች ናቸው። አንድ ትልቅ አሳታሚ በመቶ የሚቆጠሩ መጽሔቶቹን በአንድ ሥርዓት ስለሚያሳትም፣ ዋናው ሲታረም ሁሉም አብረው ይታረማሉ። የአዋጪው ስምም አይጠፋም፤ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንዳረመው በፋይሉ ራስ ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይመስለኝም። ዜማችን ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት እየተባለ በየቤቱ ይለያል፤ ተጉለት እንኳ የእኛው ጎረቤት ነው። ድጓ የተማረ ሰው «ዐወቅሁ» ስላለ ብቻ መምህር አይሆንም፤ ጋይንት ወርዶ ቤተ ልሔም ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ይሄዳል። የቤቶቹ መለያየት አይነቀፍም፤ ሁሉም በየራሱ ይከበራል። የሚነቀፈው ከየትኛውም ቤት ሳይሆኑ ከልብ አውጥቶ ማዜም ነው። የማኅደሩ ጠባቂዎችም «መመሪያህን አሳየን» ሲሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ «የማን ቤት ነህ?» ማለታቸው ነው። ይህን ጥያቄ ባይጠይቁ ኖሮ ማኅደሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያ ይሆን ነበር። እኔ ለዚህ ትዕግሥታቸው ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ይሁን እንጂ የቤተ ልሔሙ መምህር የሚፈትነው በጆሮው ነው። ተማሪው አንዲት ቃል ቢያስት እሱ ቃሉንም ያውቀዋል፣ ትርጕሙንም ያውቀዋል። የማኅደሩ ፈተና ግን ቅርጽን እንጂ ስምን አይሰማም። ቋንቋው ሲፈጠር ሰው ሁለት ስም አለው ተብሎ ተፈጠረ፤ አንዱ የቤተ ሰብ፣ አንዱ የራሱ መጠሪያ። ለሆላንዶች «ቫን»፣ ለፈረንሳዮች «ደ» የራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸዋል። «ቫን» ከስሙ ጋር ይደርደር ወይስ ወደ ኋላ ይቅር የሚለውን የሚወስን ትእዛዝ ሳይቀር አለ። ይህን ያህል ተጠብበውበታል። «ወልደ»፣ «ገብረ»፣ «ኃይለ»፣ «ሐብለ» ግን በዚያ ሰዋስው ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ባዶ ቦታ ካየባቸው ይቆርጣቸዋል። የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም አለመሆኑን የሚያውቅበትም መንገድ የለውም።

ውጤቱን በእኅቴ ልጅ ዝርዝር አየሁት። በ1972 እ.ኤ.አ. የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን ታሪካችንን ያሳተሙት ሥርግው ሐብለ ሥላሴ ከኅሩይ ሥር «ሥላሴ፣ ሥ. ሐ.» ሆነው ተሰልፈዋል። በልጅነቴ ቢሆን ወንድማማች ናቸው ብዬ አምን ነበር። ደግነቱ አንዱ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት «ኤል» ስለ ተጻፉ ያጎት ልጆች ይመስላሉ። መስፍን ወልደ ማርያም «ማርያም» ሆነዋል። በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት መርዕድ ወልደ አረጋይ፣ አረጋዊ ሰው ይመስል «አረጋይ» ተብለው ከላይ ተቀምጠዋል። ባሕሩ ዘውዴን በ«ቢ» ፈልጌ አጣኋቸው፤ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብለው ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ተጥለዋል። ከሁሉም ሳይጉላላ፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይገለበጥ ስሙ በቦታው የተገኘው ዶናልድ ሌቪን ነው። መንዝ ውስጥ ኖሮ፣ መንዜን አጥንቶ «ሰምና ወርቅ»ን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አሜሪካዊ። እሱ ምን ያድርግ፤ ሳጥኑ የተሠራው በእሱ ልክ ነው።

ነገሩ ስም ብቻ አይምሰላችሁ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። መጽሔቱ ሲመጣ በአባቴ ስም ተመዘገበ። አባቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ያረፉ ገበሬ ናቸው፤ በገብስና በበግ እንጂ በጽሑፍ አይታወቁም። ደስ ይላቸው እንደሆን አላውቅም። ኋላ ወንድሜም በሌላ ጉዳይ ጻፈና የሁለታችን ሥራ በአንድ ስም ተቀላቀለ፤ ወንድሜ የሕክምና ሰው፣ እኔ የሥነ ጽሑፍ። አንድ የማላውቀው ሰው ስለ ወባ ምክር ጠይቆ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ሰው የሌላውን ሥራ የሚያገኘው በዝርዝር ነው፤ በዝርዝር የጠፋ ደራሲ ደግሞ አይጠቀስም፤ ያልተጠቀሰ ደግሞ እንዳልጻፈ ይቆጠራል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ብዙ ወጣቶች የያዙት መንገድ ለየክፍላቸው የራሳቸውን ፋይል መጻፍ ነው። «ለኢትዮጵያውያን የሚሆን ሥርዓት» ብለው ይጽፉና ወደ ማኅደሩ ይልካሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከጠባቂዎቹ ጋር ነኝ። አንደኛ ነገር፣ ፋይሉ ስሙን አይሠራውም፤ ስሙ የሚሠራው ሳጥኑን የሞላው እጅ ነው። «ሥላሴ» ተብሎ የገባ ስም በየትኛውም ሥርዓት ቢወጣ «ሥላሴ» ሆኖ ነው የሚወጣው። ዞቴሮ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የምትለውጥ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ተጭኖ «ኅሩይ ወልደ ሥላሴ» ብሎ አንድ ላይ የጻፈ ሰው ስሙ ሳይቆረጥ፣ ሳይገለበጥ ይወጣለታል። ይህች ሳጥን የተሠራችው በዋናነት ለመሥሪያ ቤቶችና ለማኅበራት ስም ነው፤ እኛም በእንግድነት ገብተንባታል። አይመችም፤ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በሚፈልጉት መጽሔቶች ዘንድ የእኛ ስም ብቻውን ረጅም ሆኖ ይታያል። ከመቆረጥ ግን ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው። ጠባቂዎቹ «መመሪያችሁን አሳዩን» ሲሉ ምን እናሳያለን? በምሠራበት ተቋም አንዱ ክፍል የኢትዮጵያውያንን ስም በራሳቸው ስም ተራ ያስጽፋል፤ ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ክፍል «የመጨረሻው ስም ይቅደም» የሚል መመሪያ ከውጭ አገር መጽሐፍ ገልብጦ ሰጥቷል። አንድ ተማሪ ሁለቱንም ኮርስ ከወሰደ ባሕሩ ዘውዴን ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። እርስ በርሱ የማይስማማ ሰው ወደ ጋራ ማኅደር ሄዶ «ተቀበሉኝ» ቢል የሚቀበለው ሊኖር አይገባም።

ማኅደሩ ውስጥ ለጥናታችን የሚሆን ሥርዓት የለም አላልኩም፤ አለ። የመጣው ከሐምቡርግ ነው። በዚያ ያለው የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤትዮፒካ» የተባለውን መጽሔት፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምስቱን የ«ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ» ቅጾች ሲያወጣ ስማችንን እንደ አጠራራችን መጻፍን ልማድ አድርጎታል። በማእከሉ ስም የሚጠራ ፋይል በማኅደሩ ተቀምጧል፤ ማንም ወስዶ ይሠራበታል። ሉዶልፍ ራሱ ግእዝና አማርኛን የተማረው በ17ኛው መቶ ዓመት ከአማራ መካነ ሥላሴ ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር፤ የመምህሩን ስምም በመጽሐፉ አልደበቀም። የእሱ ወራሾች ውለታ መለሱ ልበል? ልበል። ግን ደግሞ የእኛን ስም አጻጻፍ ሐምቡርግ ሲያስመሰክርልን እኛ ቁጭ ብለን ማየታችን ከነከነኝ።

ሌላም ከስም ያልተናነሰ ነገር አለ፤ እሱም የቦታ ነገር ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተ ክህነት ከአሜሪካው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብሮ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ሲያስነሣ፣ ከሸዋ አድባራት፣ ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ ጭምር ብዙ መጻሕፍት ተነሥተዋል። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ አንድ ቅጂ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሄዷል። ካታሎጉን ለብዙ ዓመታት ያዘጋጁት በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት የሸንኮራው ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እሳቸው በየመጽሐፉ መግለጫ ላይ የተገኘበትን ደብር ጽፈዋል። በማኅደሩ ካሉት ሥርዓቶች የሚበዙት ግን ለእጅ ጽሑፍ የሚሰጡት ቦታ ጠባብ ነው፤ መዝገብ ቤቱንና ቍጥሩን አትመው ያልፋሉ። የእኅቴ ልጅ ዝርዝር ውስጥ አንድ ተአምረ ማርያም «ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ» ተብሎ አየሁ። ብራናው ከተቀመጥንበት የግማሽ ቀን መንገድ የማይርቅ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ማኅደሩን ለብሶ ተሰቅሏል። ልጁ ሄዶ በዐይኑ አይቶታል፤ ቄሰ ገበዙ አውርደው አሳይተውታል። ጥቅሱ ግን የሚያመለክተው ውቅያኖስ ማዶ ነው። ነገ አንዱ ያን ብራና ለቱሪስት ቢሸጠው፣ ጥቅሱን ያየ ሰው መጽሐፉ የማን እንደ ነበረ በምን ያውቃል?

እዚህ ላይ ነው መዋጮ የሚያስፈልገው። ከእኛ የሚጠበቀው ሃያ ዓይነት ነጠላ ሰረዝ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና መጽሔቶቻችን የሚስማሙበት፣ ታትሞ የወጣ፣ ሁለት ገጽ እንኳ የማይሞላ አንድ መመሪያ ነው። የአባት ስም እንዳይገለበጥ፣ ጥምር ስም እንዳይቆረጥ፣ የብራና መጽሐፍ ሲጠቀስ ከማይክሮፊልሙ ቍጥር በፊት ደብሩ እንዲጠራ የሚያዝዝ። ያ ካለ አንድ ዋና ፋይል ይበቃል፤ ሌሎቹ መጽሔቶች ሁሉ «እኔም እሱን እከተላለሁ» የሚለውን አጭር ወረቀት ያስገባሉ። ጠባቂዎቹም ለመከልከል ምክንያት አይኖራቸውም። የቋንቋውን ሠሪዎች ደግሞ «ለቫን ያደረጋችሁትን ለወልደ አድርጉ» ብለን በሙሉ አፍ መጠየቅ እንችላለን።

«ኢትዮጵያዊ ሁሉ በራሱ ስም ይደርደር» የሚል ደረቅ ሕግ ግን አልደግፍም። ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ የጻፋቸውን ልብ ወለዶች ፈልጎ አሜሪካ መጻሕፍት መደብር የገባ ሰው በ«ኤም» ነው የሚያገኛቸው፤ እዚያ ያደጉ ደራስያን የአባታቸውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ይዘውታል፣ መብታቸውም ነው። ስለዚህ መመሪያው ደራሲው ራሱን በምን እንደሚጠራ አጣሩ ማለት አለበት። ይህን ደግሞ መኪና አያውቀውም፤ ሰው መጠየቅ ነው።

ያን ሌሊት እሳቱ እስኪከስም ቁጭ ብለን ስሞቹን አንድ በአንድ አስተካከልን። እሱ ምልክቷን ይጫናል፣ እኔ ስም እጠራለሁ። ኅሩይ ወደ «ኤች» ተመለሱ። ሥርግው «ኤስ» ውስጥ ቢቀሩም በራሳቸው ስም ሆነ። መርዕድና መስፍን «ኤም» ላይ ተገናኙ። ተአምረ ማርያሙን በእጅ ጨምረን የደብሩን ስም አስገባንበት፤ ፕሮግራሙ የደብር ሳጥን ስለሌለው «ተጨማሪ» የሚል ቦታ ውስጥ ሸጎጥነው፤ ሲታተም ግን አልወጣም። በመጨረሻ በእስክሪብቶ ጻፍነው።

ልጁ መመሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ አየው። «የመጨረሻው ስም ይቅደም ይላል እኮ። መምህሬ ቢመልሱብኝስ ጋሼ?»

«ከዝርዝሩ በላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ፤ ኢትዮጵያውያን ደራስያን በራሳቸው ስም ተደርድረዋል በል።»

ጻፈ። በጥር አስረከበ። መምህሩ ምን እንዳሉ እስካሁን አልነገረኝም።